ተርሙ ከተዘጋ በኋላ

ሰኞ፣ አንደኛው ተርም ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፤

ይህ ደብዳቤ አንቺን፣ ባለቤትሽንና አማትሽን በሰው አገር በጤና ያግኛችሁ። እኛ ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። እናትሽ እማማም ከጉልበቷ በቀር ምንም አልሆነችም፤ ጉልበቷም ቢሆን የሚያማት ሥራ ያለ ቀን ነው።

የምሥራች ልበልሽ! ዛሬ ጠዋት ስምሽን በገዛ እጄ መዝግቤዋለሁ። ከእንግዲህ የሒሳብ አያያዝ ተማሪያችን ነሽ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ የአክስቴ ልጅ በተራሽ የኔ ተማሪ ሆንሽ! የቢሮው ሰው ሁሉ «ዛሬ ምን ያስቅሃል?» እያለኝ ነው የዋለው።

አካሄዱን ልንገርሽ። ትምህርቱ በርቀት የሚሰጥ፣ ሦስት ተርም ነው። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ተርም ራሱን የቻለ ክፍል ነው በይው፤ ተርሙ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል፤ ተማሪዎቹንም አንድ ሰው አንሥቶ ወደሚቀጥለው ማስገባት አለበት። ያ ሰው እኔ ሬጅስትራሩ ነኝ። ዳይሬክተራችንን «ጋሽ ቀላል» ነው የምንላቸው፣ በየነገሩ «ቀላል ነው እኮ!» ስለሚሉ። «ቀላል ነው እኮ፣ ማሽኑ ራሱ ያዛውራቸዋል!» ይሉኛል። ማሽኑ ራሱ የሚያዛውር ቢሆንማ የኔ ዓይን እንዲህ ባልቀላ ነበር። አንድ ጊዜ አንዲትን ተማሪ ሳላዛውራት ቀርቼ በማግሥቱ «ምን አጥፍቼ አባረራችሁኝ?» ብላ እያለቀሰች ደወለች። በሩ ሲዘጋባት ሌላ ምን ትበል?

ለአንቺ ብቻ የምነግርሽ ደግሞ አለኝ። ሌላ ድርጅት ሥራ ሊሰጠኝ ነው። መስኮቱ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ከሚከፈት ቢሮ ልገላገል ነው መሰለኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።

አንድ ነገር ግን አለ። ምዝገባው ላይ የተሞላው የኢሜይል አድራሻ የባለቤትሽ ነው። በፕሮግራሙ የሚላክልሽ መልእክት ሁሉ፣ ይሄም ደብዳቤ ጭምር፣ እሱም ዘንድ ይደርሳል። የራስሽን አድራሻ ላኪልኝና እቀይረዋለሁ። እማማ «ስትደውል ለምን ስለ አየሩ ብቻ ታወራለች?» ትላለች። እኔም ምን ብዬ እንደምመልስላት ቸግሮኛል።

ወንድምሽ ማሙሽ
(በዚህ ዕድሜዬ ማሙሽ የምትሉኝ አንቺና እማማ ብቻ ቀራችሁ)

•

ቅዳሜ፣ አንደኛው ተርም ሲጋመስ

ለዓይን ማረፊያዬ ለማሙሽ፤

ሰላምታዬ ከእግር እስከ ራስህ ይድረስህ። የእማዬን ጉልበት ፈጣሪ ያበርታልኝ። ለመጻፍ የዘገየሁት በሌላ ሳይሆን በሥራ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ እንደምታውቀው የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ሳምንት ሄዶ ሁለት ሦስት ቀን ያርፋል። አማቴ አልጋ ላይ ናቸው። አገላብጣቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ። ሲከፋቸው ይቆጡኛል፣ ሲሻላቸው ደግሞ ስለ ልጅነታቸው ያወሩኛል። ቁስላቸውን የምታጥብ ነርስ ትመጣለች፤ ሳቂታ የአገራችን ልጅ ናት፣ ቤቱ የሚሞቀው እሷ የመጣች ቀን ነው።

የማጠናው ማዕድ ቤት ነው። ታብሌቱን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ አስተማሪውን አዳምጠዋለሁ። «ገቢና ወጪው እኩል ካልመጣ አንድ የረሳችሁት ነገር አለ ማለት ነው» ሲል አማቴ ከአልጋቸው «ምን ረሳሁ?» ብለው ይጮኻሉ። እንስቃለን።

ቤቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ሲወጣ በሩን ከውጭ ቆልፎት ይሄዳል፤ ሰፈሩ ሌባ ይበዛበታል። ለነርሷም ቁልፍ ሰጥቷታል፣ ስለዚህ ስለ እኛ አታስቡ። ለእማዬ ይህን አትንገራት፤ የሌለ ነገር ታስባለች።

አድራሻው ባለበት ይቆይ። በባልና በሚስት መካከል የምን መደባበቅ ነው?

እህትህ

•

ሐሙስ፣ ሁለተኛው ተርም በተከፈተ ሰሞን

ለእታለም፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽን፣ ብርታትሽን ያብዛልኝ። የመጀመሪያውን ተርም በአንደኝነት ጨርሰሻል! ውጤትሽን ለእማማ ሳነብላት «ድሮስ ማን ሆነችና» ብላ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ዋለች። ጉልበቷ የት እንደገባ አላውቅም።

ሁለተኛው ተርም ውስጥ አስገብቼሻለሁ። ከሁሉ በፊት ያንቺን ስም ነው ያዛወርኩት፣ አዳላህ ብትዪኝም እችለዋለሁ። ጋሽ ቀላል «ረዳት እቀጥርልሃለሁ» ብለው ነበር፤ አሁን ደግሞ «በሚቀጥለው ተርም» አሉ። የሚቀጥለው ተርም ሲመጣ የሚሉትን ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቁልፉ ነርሷ ጋ አለ፣ ባለቤትሽ ጋ አለ፤ አንቺ ጋስ? እሳት ቢነሣ፣ አማትሽ ድንገት ቢያማቸው በየት ትወጫለሽ? ከቤት ከወጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው? መልሽልኝ። በአየሩ እንዳታልፊኝ።

ማሙሽ

•

ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ተርም ሊያልቅ ሲል

ለተከበሩ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከልብ የመነጨ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ከትምህርት ውጭ የሆኑ የግል ጥያቄዎችን ለተማሪ ባያቀርብ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቤተሰቤን ቅር አሰኝቷል። ባለቤቴ ትምህርቴን የፈቀደልኝ በቅን ልቡ ነው፤ ይህም እንዳይዘነጋ።

በተጨማሪም ከማታው ምድብ ወደ ጠዋቱ እንድዛወር አመለክታለሁ። በሦስተኛው ተርም ስለሚሰጠው የመጨረሻ ፈተና፣ የት እንደሚሰጥና ምን ማቅረብ እንደሚያስፈልግ፣ ጽሕፈት ቤቱ ዘርዘር አድርጎ ቢጽፍልኝ ውለታ እቆጥረዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ተማሪ

•

ረቡዕ፣ በማግሥቱ

ለተከበሩ ተማሪያችን፤

ማመልከቻዎ ደርሶናል። ቀድሞ በቀረቡት ጥያቄዎች ቅር ለተሰኙት ሁሉ ጽሕፈት ቤቱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ አይደገምም። የጠዋቱ ምድብ ውስጥ ገብተዋል። ሦስተኛው ተርም ሲከፈትም ስምዎ ያለ ሌላ ማመልከቻ ይዛወራል።

የመጨረሻው ፈተና በርቀት አይሰጥም። ተፈታኟ በምትኖርበት ከተማ በሚገኘው የፈተና ጣቢያ በአካል መቅረብ አለባት። ዋናውን ፓስፖርት መያዝ ግዴታ ነው። ቅጂ ተቀባይነት የለውም፤ ወኪልም አይፈቀድም። ወደ አዳራሹም የሚገባው ተፈታኝ ብቻ ነው።

የጽሕፈት ቤታችን የቅርብ ወዳጅ የሆኑ አንዲት ባለ ጉልበት ሕመም እናት፣ ተማሪዎቻችን ሁሉ በሰላም እንዲፈተኑ ጠዋትና ማታ እንደሚጸልዩ እንድናስታውቅ አሳስበውናል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሬጅስትራር

•

ዓርብ፣ ሦስተኛው ተርም ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ
(በእጅ የተጻፈ፤ ነርሷ በስልኳ ፎቶ አንሥታ የላከችው)

ማሙሽዬ፤

ይህን የምጽፈው የአማቴ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። ነርሷ ቁስላቸውን እያጠበች ሆን ብላ ትዘገይልኛለች። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየመኝ።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ከዚህ ቤት ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። ቁልፍ የለኝም። ስልኩን የሚሰጠኝ እሁድ እሁድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነው፤ ከአየሩ ሌላ የማላወራውም ለዚያ ነው። ፓስፖርቴን የመጣሁ ዕለት «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ ወሰደው፤ የት እንዳለ አላውቅም። እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ድምፁንም ከፍ አያደርግም። ሲመለስ ፍራፍሬ ይዞልኝ ይመጣል። «እኔ እያለሁልሽ ውጭ ምን ጎደለሽ?» ይለኛል፤ ምን እንደጎደለኝ ልነግረው ስሞክር አፌ ይያያዛል። ቢመታኝ ኖሮ ለሰው የማወራው ነገር ይኖረኝ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እይልኝ የደረስኩበትን።

ያንተን የመጨረሻ ደብዳቤ አነበበው። ባለ ጉልበት ሕመሟ ላይ ሲደርስ ሳቅ አለ። «ዘመድሽ ብልጥ ነው» አለኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አላለም፣ እኔም ተረሳ ብዬ ነበር። ለካ ምዝገባው እስኪዘጋ ነው የጠበቀው። ከትናንት በስቲያ ምሳ በልተን ሳንነሣ ታብሌቱን አምጪው አለኝ። ስሜን ከፈተ፣ ሦስተኛውን ተርም ነካው፣ «ከክፍሉ ውጣ» የሚለውን ተጫነ። ፕሮግራሙ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ። እሱ ወደ እኔ ዞር ብሎ «እርግጠኛ ነሽ አይደል?» አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ «አዎ» የሚለውን ነካ። ሁለት ተርም ሙሉ የለፋሁበት በአንድ ጣት ሄደ። ቀጥሎም ሻይ አፍዪልን አለ። አፈላሁ።

ታብሌቱን አሁን ይዞት ሄዷል። እኔ ግን ከነርሷ ስልክ ላይ እያነበብኩ አጠናለሁ፤ ካለቀሰችልኝ ቀን ጀምሮ እሷም እህቴ ሆናለች። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ መልሰህ አስገባኝ። ያ ፈተና በስሜ ተጠርቼ ከዚህ በር የምወጣበት ብቸኛው ምክንያቴ ነው። እንዲያው ልውጣ ብል እግሬ አይታዘዘኝም፤ ወዴት ነው የምሄደው? ፈተና ካለኝ ግን የምሄድበት አለኝ። ይገባሃል አይደል?

ለእማዬ እንዳትነግራት። እሱ ጋም እንዳትደውል።

እታለምህ

•

ሰኞ፣ በነርሷ አድራሻ

እታለሜ፤

ፈጣሪ ይጠብቅሽ፤ ነርሷንም ይባርክልን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «አይደገምም» ብዬ የጻፍኩልሽ ነገር ነው ለዚህ ያበቃሽ እያልኩ ራሴን ስረግም ቆየሁ። ከዚያ ግን ተነሣሁ።

የተዘጋ ተርም ላይ ስም ለማስገባት የኔ ሥልጣን አይበቃም። ብሞክረው ፕሮግራሙ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። መክፈት የሚችሉት ዳይሬክተሩ ብቻ ናቸው። ገባሁ።

«አንዲት ተማሪ ሦስተኛው ተርም ላይ መመለስ አለባት» አልኳቸው።

«ምዝገባው ተዘግቷል፤ የተፈታኞቹም ስም ዛሬ ወደየጣቢያው ይሄዳል» አሉኝ።

«እርስዎ ከፈቀዱ ይከፈታል።»

«ለአንድ ሰው ብዬ ብከፍት ነገ ሁሉም በሬ ላይ ይሰለፋል። ደግሞ ራሷ ናት የወጣችው። እርግጠኛ ነሽ ወይ ተብላም ተጠይቃለች።»

«የተጠየቀችው እሷ አይደለችም» አልኳቸው፤ ድምፄ ሳይታወቀኝ ጮኸ። ከዚያ ነገር ዓለሙን ዘከዘክሁት። ፎቁን፣ ቁልፉን፣ ጣቱን፣ ሻዩን። አንድም ጊዜ «ቀላል ነው» አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ «አንተ ልትለቅ ነው የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ።

«ይሄ ከእሷ ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔንም እንዳንተው የሚጠይቁኝ አሉ። አንተ ከሄድህ ተማሪዎቹን የሚያዛውር ሰው የለኝም፤ ቦርዱ እኔን ነው የሚሰቅለኝ።»

ስለ ሥራ ትንሽ ተነጋገርን። አንድ ወረቀት ፈርሜ ወጣሁ፤ የተለመደ የቢሮ ወረቀት ነው፣ አታስቢው። ተርሙን ከፈቱልኝ። ስምሽ ከተፈታኞቹ መካከል ገብቷል፤ ጣቢያውም ተቀብሎታል፣ ራሴ ደውዬ አረጋግጫለሁ። አድራሻሽንም ወደ ነርሷ ስለቀየርኩት ከእንግዲህ አንዲት መልእክት እሱ ጋ አትደርስም። ስምሽ ቦታው ላይ ብቅ ሲል ጠረጴዛውን በቡጢ ስመታው የጎን ቢሮ ሰዎች ደንግጠው መጡ።

አዲሱን ሥራ ትቼዋለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እማማም ብቻዋን ትሆናለች።

የቀረው ፓስፖርቱ ነው። እዚያ ላይ እጄ አይደርስም፤ እንዲህ አቅመ ቢስ ሆኜ አላውቅም። ነርሷ ፎቶውን ስትልክ ስለ ጻፈችልኝ ቤት፣ እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ስለሚጠጉበት፣ ጠይቂ። እባክሽ ጠይቂ።

ማሙሽ

•

እሁድ፣ ከፈተናው በኋላ

ለወንድሜ ለማሙሽ፤

ምስጋና ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኝ ወረቀቱን ሦስቴ ቀደድኩት። ፈጣሪ የልብህን መሻት ይስጥህ ብዬ ልለፈው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የፈተናው ዋዜማ ባለቤቴ መንገድ ወጣ። ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል አማቴ ጠሩኝ። «ምን ሆነሽ ነው ስትባክኚ የሰነበትሽው? ትራሱን ሁሉ ትዳብሻለሽ፣ ቁም ሣጥን ታተራምሻለሽ» አሉኝ። ልዋሽ ነበር፤ አቃተኝ። ነገ ፈተና አለኝ፣ ፓስፖርቴ ያስፈልገኛል አልኳቸው።

ወደ ራስጌያቸው አዩ። «እኔ ጋ ነው» አሉኝ። ከራስጌያቸው አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አለች፤ ጽፌልህ አላውቅም እንጂ በየቀኑ አቧራዋን እጠርግ ነበር። የመቀበሪያ ልብሳቸው ያለባት ነው ተብዬ ከፍቼያት አላውቅም። ቁልፏ አንገታቸው ላይ ነው። ማሙሽ፣ ያን አንገት በየቀኑ አጥበው ነበር እኮ!

«ልጄ አደራ ብሎ ሰጠኝ። ይቺ ከሄደች ማን ያገላብጥሻል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማን ያገላብጠኛል?» አሉኝ። ከዚያ «ፈተናው ብዙ ይቆያል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ግማሽ ቀን ነው» አልኳቸው።

«ከዚያ ትመለሻለሽ?»

እመለሳለሁ ብል ውሸት ነው፤ አልመለስም ብል ሣጥኑ አይከፈትም። ትራሳቸውን ማቃናት ያዝኩ፤ እሳቸውም ያዩኛል። በመጨረሻ የቁልፉን ገመድ በራሳቸው ላይ ሊያወጡት ሞከሩ፣ ክንዳቸው አልነሣ አላቸው። «አውጪልኝ እንጂ» አሉ፤ ቁጣ ቁጣ ብሏቸው። አወጣሁት። ሣጥኑን ከፈትኩ።

ጠዋት ነርሷ ስትገባ ከሥራ ጓደኞቿ አንዷን ይዛ መጣች፤ አማቴ ጋ የምትውል፣ ወደፊትም የምትመላለስ። ጫማዬን ባወጣው ሻጋታ በልቶታል። የነርሷን ትርፍ ጫማ አደረግሁ፤ ሰፍቶኝ ደረጃውን ሁሉ ሸርተት እያልኩ ወረድኩ። ውጭ ስወጣ መንገዱ እንዲህ ሰፊ ነበር እንዴ አልኩ። መኪና ሲያልፍ እንደ ሕፃን ነርሷ ላይ ተለጠፍኩ።

ጣቢያው በር ላይ አንድ ሰውዬ ፓስፖርቴን ተቀብሎ ፊቴን አየና ስሜን ፈለገ። የሌለሁ መሰለኝ። «አለሽ፣ ግቢ» አለኝ። ይቺ ቃል እንደዚያ ሰው ያማረችበት የለም። ፈተናውን ሠራሁት፤ ተረጋግቼ ነው የሠራሁት። አጠገቤ ያለችው ልጅ ከኔ ቀድማ ስትወጣ እንኳን አልተጣደፍኩም። አንድ ጥያቄ ላይ ገቢና ወጪው አልገጥም ብሎኝ ሁለት ጊዜ ደምሬ አገኘሁት።

አሁን ያለሁት እንዳልከኝ ሴቶቹ ቤት ነው። ክፍሌን ከሌላ ሴት ጋር እጋራለሁ። ቁልፍ ሰጥተውኛል። ትናንት ያለ ምክንያት እየወጣሁ እየገባሁ በሩን ስከፍትና ስዘጋ ጓደኛዬ «ልብሽ ውጭ ቀርቷል እንዴ?» አለችኝ። ለእማዬ አሁን ንገራት፤ ካሁን በኋላ የምደብቃት ነገር የለም። የጉዞ ወረቀቴን የሚጨርሱልኝ ሰዎች ጊዜ ይወስዳል ብለዋል። ባለቤቴ ከመንገድ ሆኖ በየቦታው እየደወለ ይጠይቃል አሉ። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ይነሣኛል፤ የለም ብዬ አልዋሽህም።

ደግሞ አንተ። ነርሷ ደብዳቤህን ስታነብልኝ «አንድ ወረቀት ፈረምኩ» ላይ ስትደርስ ድገሚልኝ አልኳት። መንገዱ ሩቅ ነው አልከኝ? ኳስ ለማየት ከተማውን በእግርህ የምታቋርጥ ልጅ፣ ሥራ ለመሄድ መንገድ ራቀህ? ለስንት ዓመት ነው ያሰረህ? በአየሩ እንዳታልፈኝ። ዝም ብዬ የምቀበለው እንዳይመስልህ፤ ስመጣ ቢሮህ ድረስ መጥቼ ከጋሽ ቀላል ጋር እንነጋገራለን።

ትናንት አማቴ ጋ ደወልኩ። አብራቸው የምትውለው ልጅ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው።

«ፈተናው ከበደሽ?» አሉኝ።

«አልከበደም። እንዴት ዋሉ? ማን አገላበጥዎት?»

«ይቺ አለች፤ እጇ ያንቺን ያህል አይለሰልስም። ልጄ ነገ ይመለሳል።»

«ምን ይሉታል?» አልኳቸው።

«ፈተና ላይ ናት፣ ገና አልጨረሰችም እለዋለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። ልጅቷ እጇ እስኪዝል ድረስ ትንፋሻችንን ተደማመጥን።

እታለምህ